ቀድሞ የተሰፋው ኮት

ወንድሜን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው «ሚሊሜትር» በሚል ስም ነው። እናታችን ያወጣችለትን ስም ከእኔና ከሚስቱ በቀር የሚያስታውስ ያለ አይመስለኝም፤ እኛም ብንሆን የምንጠራው ስንቆጣው ብቻ ነው። ቅጽል ስሙን ያወጣለት አንድ ደንበኛ ነበር። ሰውየው ሱሪ ይዞ መጥቶ «በጣት ያህል አሳጥርልኝ» ቢለው፣ ወንድሜ ሜትሩን ከአንገቱ ላይ እያወረደ «በማን ጣት?» አለው። ሰውየው ቀልድ መስሎት ሳቀ። ወንድሜ ግን የምሩን ነበር፤ የሰውየውን ጣት ይዞ ለካው። ሱሪው ከሱቃችን ከወጣ ስንት ዘመኑ፣ ስሙ ግን እኛ ዘንድ ቀረ።

ሱቃችን በመድኃኒት ቤቱና በጫማ መሸጫው መሀል የተሰነቀረች ጠባብ ክፍል ናት። እሱ መስኮቱ አጠገብ የስፌት መኪናው ላይ ይቀመጣል። እኔ ታላቅ እህቱ ከኋላ፣ ከካውያው ጠረጴዛ ጎን ተቀምጬ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጠርዝ እዘመዝማለሁ። እሱ የሰው ልክ ይወስዳል፣ እኔ የሰው ወሬ እወስዳለሁ። ጥግ ላይ መጋረጃ አለች፤ ከእሷ ጀርባ ደንበኛ ልብሱን ይሞክራል፣ ልጁ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ታጠናለች፣ እኔም ወገቤን ሲያመኝ ጋደም እላለሁ።

ሰዎች ስለ ወንድሜ ሲያወሩ የሚያደንቁት ስፌቱን ነው። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ አጠገቡ ስለተቀመጥኩ አውቀዋለሁ፤ ዋና ሙያው ጉድለት መሸፈን ነው። አንድ ሰው ከበሩ ገብቶ ሰላምታውን ሳይጨርስ ወንድሜ አይቶ ጨርሶታል። ጀርባው የጎበጠ ይሁን፣ አንዱ ዳሌው ከሌላው ከፍ ያለ ይሁን፣ ሆዱን አምቆ የቆመ ይሁን አይስተውም። አንድም ቃል ግን አይተነፍስም። እዚህ ጋ እጥፋት ይጨምራል፣ እዚያ ጋ ከገበሩ ሥር ስፖንጅ ይወሽቃል፣ ኮሌታውን ትንሽ ያነሳል። ደንበኛው መስታወት ፊት ቆሞ «ይሄ እኔ ነኝ?» ይልና ደረቱን ነፍቶ ይወጣል።

«እትዬ፣ ሰው ጉድለቱን ከነገርሽው ምንም ብትሰፊለት አያምርበትም» ይለኛል።

«ለእኔ ስትሰፋ ምን ምኔን ነው የምትደብቀው?» ስለው አፉ ውስጥ ስፒል ይጨምራል። መልስ መስጠት ያልፈለገ ጊዜ አፉን በስፒል መሙላት የቆየ ዘዴው ነው።

ያለችው አንዲት ልጅ ናት። ዳዴ በምትልበት ጊዜ ከሳጥኔ ውስጥ ቁልፍ አንስታ ስለዋጠች፣ ቁልፉ በሰላም እስኪወጣ ድረስም ቤተሰቡ ሁሉ እንቅልፍ ስላጣ፣ እኔ «ቁልፌ» እላታለሁ። ረጋ ያለች፣ መጽሐፍ ስታነብ ከንፈሯን የምትነክስ ልጅ ናት። የግራ ትከሻዋ ከቀኙ ትንሽ ዝቅ ይላል። ከተወለደች ጀምሮ ነው፤ ሐኪሙም ምንም አይደል ብሏል። ከልብስ ሰፊ በቀር ማንም የማያየው ነገር ነበር፣ እያደገች ስትመጣ ግን እኔም ማየት ጀመርኩ። ቤታችን ውስጥ ስለዚህ ነገር አውርተን አናውቅም። ወንድሜ ልብሷን በሙሉ በገዛ እጁ ይሰፋል፣ ከግራው ትከሻ ሥርም ሁልጊዜ ስስ ስፖንጅ ያስገባል። ሸሚዝ እንኳ ሲሆን ጨርቅ አጥፎ ይደርብበታል። እሷ አታውቅም። ቁልፌ ከሱቅ የተገዛ ቀሚስ ለብሳ አታውቅም።

አሁን ወደ ኮቱ ልምጣ። ዳገቱ ላይ ስላለ «ላይኛው» የምንለው ትምህርት ቤት አለ። የመግቢያ ፈተናውን ያለፈ ብቻ ነው የሚገባበት። ያላለፈ ታችኛው ትምህርት ቤት ይማራል፤ እሱም አስተማሪ አለው፣ ሰሌዳ አለው፣ ደወል አለው፣ ግን ሰው ስሙን ሲጠራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። የላይኛው ተማሪዎች የሚለብሱት ጥቁር አረንጓዴ ኮት ነው፣ የደረት ኪሱ በቢጫ የተቀመቀመ። ያን ኮት በዚህ ሰፈር አሳምሮ የሚሰፋው ወንድሜ ነው። ውጤት በወጣ ማግስት ወላጆች ፊታቸው እያበራ ይመጣሉ፤ እሱም ይለካል፣ ይቆርጣል፣ ይሰፋል፣ ተሸክሞ ዳገቱን ይወጣል። ከበሩ አልፎ ግን አያውቅም። አባታችን ሲሞት ትምህርቱን ጥሎ መኪና ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። የሌላ ሰው ልጅ ኮት ለዘበኛው አስረክቦ ሲመለስ በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ውስጥ አየት እንደሚያደርግ ራሱ ነግሮኛል። ሲነግረኝ እየሳቀ ነበር፣ እኔ ግን አንጀቴን በላው።

የቁልፌ የፈተና ዘመን ሲደርስ ታዲያ ሰውየው መጠበቅ አቃተው። ልጅቷ ገና ተፈትና እንደወጣች ካለው ጨርቅ ሁሉ ምርጡን አወረደና በልኳ ቆረጠው።

«ኧረ ተው፣ ውጤቱ ይውጣ» አልኩት።

«እትዬ፣ የልጄን ልክ እኔ አውቀዋለሁ።»

«ስለ ጨርቁ አይደለም የማወራው።»

«እኔም ስለ ጨርቁ አይደለም» አለና ሳቀ።

በሕይወቱ እንደዚያ አምሮለት ሰፍቶ አያውቅም። ለእድገቷ ብሎ እጅጌው ላይ እጥፋት ተወ፣ ገበሩን በእጁ ሰፋ፣ የግራውን ስፖንጅም እንደ ልማዱ አስገባ። ከዚያ መስኮቱ ላይ ለምትቆመው፣ ራስ ለሌላት የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት አለበሳት። ዚፕ ለማስቀየር የገባውን ሁሉ «ያቺን እያት፣ የልጄ ናት» ይለዋል። ሚስቱ አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጭ ናት፤ መጀመሪያ «ሰው ምን ይላል» ብላ ተቆጥታው ነበር፣ በኋላ እሷም ተጋባባትና ለሾፌሩ ነገረችው። ለሾፌሩ የተነገረ ነገር ደግሞ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ይደርሳል። ቁልፌ ብቻ ናት ምንም ያላለችው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ገና ከመታጠፊያው ጀምሮ ወደ ማዶ ትሻገርና፣ መስኮቱን አልፋ በሩ ትይዩ ስትደርስ ተመልሳ ትሻገራለች። የፈተና ፍርሃት ነው ብዬ ዝም አልኩ።

ውጤቱ በስልክ የሚታይበት ቀን አራታችንም ሱቅ ውስጥ ነበርን። ወንድሜ ለስላሳ አስገዝቶ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ደርድሯል፣ እጁን በሳሙና ታጥቧል፣ ጢሙን ሳይቀር ተላጭቷል። ቁልፌ የፈተና ቁጥሯን አስገባችና ጠበቀች። ከዚያ ስልኩን በፊቱ ደፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«አልገባሁም» አለች።

«ምን ማለት ነው?»

«አልገባሁም ማለት ነው፣ አባዬ።»

ስልኩን አነሳው። አገላበጠው። ወደ ብርሃን ወስዶ ዓይኑን አጥብቦ አየው፣ ልክ የሌላ ሰፊ ስፌት ሲመረምር እንደሚያደርገው። «ኔትወርኩ ነው» አለ። «ይሄ ኔትወርክ ሰው ሲገድል ይኖራል።» ሚስቱ ክንዱን ልትይዘው ብትል ገፍቷት ወጣ፣ ዳገቱንም እየሮጠ ወጣው። እዚያ ያለችው የቢሮ ሠራተኛ በመስኮት በኩል አይታ «ትንሽ ነው የጎደላት፣ ግን መግቢያው መግቢያ ነው» ብላ እንደመለሰችው በኋላ ሰማን። ያን ዳገት ሲወርድ ምን እያሰበ እንደወረደ አላውቅም።

ሱቁ በር ላይ ሲደርስ ባለ መድኃኒት ቤቱ ነጭ ካፖርቱን እንደለበሰ ብቅ አለ። ደግ ሰው ነው፣ ክፋቱ ድምፁ ብቻ ነው፤ ስለ ሆድ ድርቀት ሲያማክር እንኳ መንገድ ማዶ ይሰማል።

«ሚሊሜትር! እንኳን ደስ አለህ! ልጃችን ገባችልን አይደል?»

ወንድሜም «እንኳን አብሮ ደስ አለን» አለው።

እንዴት እንዳመለጠው ልንገራችሁ። ሰው ሲያስነጥስ «ይማርህ» ማለት ለምላስ እንደሚቀድመው፣ ይሄም እንደዚያው ነው። እንኳን ደስ አለህ ለተባለ ሰው መልሱ ተዘጋጅቶ አፉ ውስጥ ይኖራል፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲለው የኖረው ነው። ከበር ሆኜ ፊቱን አየሁት። ቃሉ እንደወጣ ደነገጠ፣ አፉን ከፈተ፣ ሊያስተካክለው ነበር። ባለ መድኃኒት ቤቱ ግን እጁን ይዞ እየናጠው፣ ጫማ ሻጩን እየተጣራ፣ «አላልኩህም!» እያለ ነበር። ወንድሜ አፉን መልሶ ዘጋው። በማግስቱ መንገዱ በሙሉ ቁልፌ ላይኛው መግባቷን አውቋል።

በሩ ክፍት ስለነበር ልጅቷም ሁሉንም ሰምታለች። አባቷ ሲገባ ቀና ብላ አየችው። እሱ ግን ካውያውን አንሥቶ፣ ሙቀቱን በምራቁ ሞክሮ፣ ተተኩሶ ያለቀውን ሸሚዝ እንደገና መተኮስ ጀመረ።

«ነገ እነግራቸዋለሁ» አለ።

ነገ አልነገራቸውም። ከነገ ወዲያም። እንዴት ይንገራቸው? ያ ኮት መስኮቱ ላይ እንደቆመ ነው። ከአሻንጉሊቷ ላይ ቢያወልቀው በየቤቱ እየዞረ አላለፈችም ብሎ እንደመጮህ ነው፤ ቢተወው ደግሞ ውሸቱ ጠዋት ጠዋት መዝጊያው በተነሳ ቁጥር አብሮት ይከፈታል። ደንበኛ በገባ ቁጥር ወንድሜ ዘሎ ስፒሉን ይጎርሳል። የሚለካውን ሰው ዓይን ማየት ስለተወ ልክ መሳት ጀመረ። ሚሊሜትር የአንድን ሙሽራ እጅጌ አሳጠረ ብላችሁ ማን ያምናል? ሙሽራው ሲቆጣ አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ።

ሚስቱ ላይ ደግሞ የባሰው መጣ። እሱ ሲያፍር ቢያንስ መጋረጃ አለው፤ እሷ ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ውስጥ ፊቷን ለሕዝብ ሰጥታ ነው የምትቀመጠው። እየወጣ የገባው ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ ይላታል። አንዲት ስማቸውን የማታውቃቸው አሮጊት ከቦርሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው «ለጎበዟ ልጅሽ» ብለው ሰጧት። እስክሪብቶውን ሱቅ ይዛ መጥታ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ወረወረችው።

«በል ንገረኝ፣ ምን ላድርገው?» አለችው። «ለማን ልስጠው? ሴትየዋ መርቀው ነው የሰጡኝ። ዓይናቸውን ማየት አቅቶኝ ጎንበስ ስል ትሕትና መሰላቸው።»

«ትንሽ ጊዜ ስጪኝ።»

«ለምን የሚሆን ጊዜ? በልጅህ አፍረህባት ነው እንጂ!»

«እኔ? እኔ ለእሷ ብዬ ነው! ሰው እንዳይጠቋቆምባት ብዬ!»

መጋረጃው ተገለጠና ቁልፌ ብቅ አለች። እዚያ መሆኗን ረስተነው ነበር። «አባዬ፣ ያሳፈርኩህ እኔ ነኝ አይደል?» አለችው፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ሰዓት የምትጠይቅ ትመስል ነበር።

አይደለም ማለት ነበረበት። ሌላ ምንም አይጠበቅበትም ነበር። እሱ ግን «ዝም ብለሽ ትንሽ ታገሺ፣ ሰው ይረሳዋል» አላት። እኔ በዚያች ደቂቃ በእሱ ብቻ አይደለም ያፈርኩት፤ መርፌዬ ላይ አጎንብሼ ክር እንዳጣ ሰው ክር ስፈልግ በራሴም አፈርኩ። እስክሪብቶው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ቀረ። ማንም አልነካውም፤ ወንድሜ ጨርቅ ሲዘረጋ እንኳ ዙሪያውን እየዞረ ነበር የሚቆርጠው።

ከዚያ አትክልት ሻጯ መጣች። መታጠፊያው ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት የምትሸጥ ብቻዋን ልጅ ያሳደገች ሴት ናት። ልጇ የቁልፌ ጓደኛ ናት፤ አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት። የሚያስቅም የማያስቅም ነገር ስለሚያስቃት «ሳቂታ» ነው የምንላት። ያን ቀን ግን ሳቂታ አልሳቀችም። ከእናቷ ጀርባ ቆማ የጫማዋን አፍንጫ ታያለች። ልጆች እርስ በርስ ውጤታቸውን ያውቃሉ፤ ይቺም አውቃለች፣ ለእናቷ ግን አልነገረቻትም ማለት ነው።

«ወንድሜ፣ እንኳን ደስ ያለን!» አለች አትክልት ሻጯ። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ለሁላችንም ሰላምታ ሰጠች። «የእኔዋም ገባች! አብረው ዳገቱን ሊወጡ ነው። በል ለእሷም ልክ እንደዚያ አድርገህ ስፋልኝ» ብላ ወደ መስኮቱ አመለከተች።

ወንድሜ ስፒሎቹን ጎርሷል። በጥርሱ መሀል «ጨርቁ አልቋል» አለ።

ጥቅል አረንጓዴው ጨርቅ ከኋላው ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቆሟል፤ ቁመቱ የሰው ያህላል። አትክልት ሻጯ ጨርቁን አየችው። ከዚያ እሱን አየችው። ፊቷ ላይ የነበረው ብርሃን እየቀነሰ፣ እየቀነሰ፣ ጠፋ።

«ገባኝ» አለች ቀስ ብላ። «የአትክልት ሻጭ ልጅ ከልጅህ እኩል እንዳትለብስ ነው። አይ፣ ግድ የለም። ሌላ ሰፊ እፈልጋለሁ።» የልጇን እጅ ያዘች።

ወንድሜ ራሱን ነቀነቀ፣ እጁን አወዛወዘ፣ አፉ ግን በስፒል ተሞልቷል። በዚህ መሀል ቁልፌ ከመጋረጃው ጀርባ ወጣች። ማንንም ሳታይ ወደ መስኮቱ ሄደች፣ የአሻንጉሊቷን ኮት ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታች፣ እጅጌዎቹን አወለቀች። ከውጭ አላፊ አግዳሚው ያያታል። ኮቱን ይዛ መጣች።

«ጨርቁ አላለቀም» አለቻት ለሴትየዋ። «አባዬ ንቆሽ አይደለም። እኔ አላለፍኩም፤ እሱ ነው ያፈረው። ይሄን ትልበሰው፣ ቁመታችን እኩል ነው።» አለችና ኮቱን ሳቂታ ላይ ጣል አደረገችው።

አትክልት ሻጯ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሳቂታ ቆማ እጇን በእጅጌው አስገባች፣ ቁልፉን ቆለፈች፣ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ኮቱ ግን እንቢ አላት። ቀኙ ልክ ሆነ፤ ግራው ትከሻ ወደ ላይ ተነሥቶ ጆሮዋ ሥር ቁልል አለ።

«ይሄ ደግሞ ምን ሆኖ ነው?» አለች እናቷ፣ የምትለው ነገር በማግኘቷ ደስ ያላት ትመስላለች።

ቁልፌ ግራውን ትከሻ በእጇ ተጫነችው። ለስላሳ ነው። ቀኙን ተጫነችው። ምንም የለም። ከዚያ እጇን ወደ ራሷ ቀሚስ ወሰደች፤ ግራ፣ ቀጥላ ቀኝ፣ እንደገና ግራ። ወደ መስታወቱ ሄደችና የቀሚሷን አንገት ገለጥ አድርጋ ትከሻዋን አየች። እዚያ መስታወት ውስጥ ስንት ሰው አምሮበት ሲወጣ አይቻለሁ። እሷ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደምታየው ሰው ነበር ራሷን ያየችው።

«አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ወንድሜ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፉ እያወጣ መዳፉ ላይ አጠራቀማቸው። «ስፖንጅ ነው።»

«ለምን በግራ ብቻ?»

«የግራ ትከሻሽ ትንሽ ዝቅ ይላል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከተወለድሽ።»

«ሁሉም ልብሴ ላይ አለ?»

«ሁሉም ላይ።»

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻል ነበር። «እኔ እኮ ልብስ ሁሉ እንዲህ ይመስለኝ ነበር» አለች ብቻ።

ወንድሜ መኪናው ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ፊቱ ላይ ያየሁትን እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም፤ ሰው ፊት ልብሱ የወለቀበት ሰው ነበር የሚመስለው። ቆይቶ «ነይ ልጄ፣ አውልቂው» ብሎ ኮቱን ከሳቂታ ተቀበለና ገበሩን መፍታት ጀመረ። የገዛ ስፌቱን፣ ያን በእጁ የሰፋውን። ምላጭ ስቶት የማያውቀው ሰው ጣቱን ቆረጠው። ደሙ ጨርቁ ላይ እንዳይነካ ጣቱን መጥጦ ቀጠለ። ስፖንጁን ጎትቶ አወጣው፣ ትከሻውን መልሶ ገጠመው፣ ተኮሰው። ሳቂታ ስትለብሰው ልክ ሆነ። አትክልት ሻጯ ቁልፌን አቅፋ ሳመቻት፣ ወንድሜን ግን ምንም አላለችውም፤ ልጇን ይዛ ወጣች። አሻንጉሊቷ መስኮቱ ላይ ራቁቷን ቀረች።

ከሰዓት በኋላ ወንድሜ ተነሥቶ ወጣ። በመድኃኒት ቤቱ መስኮት በኩል ሰርቄ አየሁት፤ እመኑኝ፣ ከበሽተኞቹ ጋር ሰልፍ ይዟል። ተራው ሲደርስ ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ተናገረ። ባለ መድኃኒት ቤቱ በዚያ ድምፁ «አላለፈችም?» ሲል ሰልፉ በሙሉ ዞረ። ወንድሜ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ባለ መድኃኒት ቤቱ የራስ ምታት ክኒን ሰጠው። ወንድሜም ተቀብሎ መጣ። ሚስቱም በማግስቱ አውቶቡስ ላይ እስክሪብቶውን ይዛ አሮጊቷን ጠብቃ ነገረቻቸው። አሮጊቷ «ታዲያ ታችኛው ትምህርት ቤት በጣት ነው የሚጻፈው?» ብለው መልሰው እጇ ላይ አኖሩላት።

ሀፍረቱ በዚህ ለቀቀው ብዬ አልዋሽም። ሰው ሲገባ አሁንም ዓይኑን ይሰብር ነበር። ከልጁ ጋር ግን የባሰ ሆነበት፤ ትጠይቀዋለች፣ ይመልሳል፣ ቀና ብሎ ግን አያያትም። አንድ ከሰዓት ታዲያ እሷው ከመጋረጃው ጀርባ ወጥታ ፊት ለፊቱ ቆመች። ታችኛው ትምህርት ቤት ሰማያዊ ጃኬት ነው የሚያስለብሰው፣ ትምህርት ሊከፈት ተቃርቧል፣ የእሷ ግን ገና አልተቆረጠም።

«አባዬ፣ ያለ ስፖንጅ ስፋልኝ።»

«ሰው ያያል እኮ፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ።»

ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ። ማንንም ሲለካ ልኩን ጮክ ብሎ ነው የሚናገረው፤ እሷን ግን ሁልጊዜ በሆዱ ነበር የሚለካት። ያን ቀን ቀኝ ትከሻዋን ለካና ጮክ ብሎ ተናገረ። የግራውን እንደ ልማዱ በሆዱ ለካ። ከዚያ እንደገና ለካ፣ የግራውንም እንደ ቀኙ ጮክ ብሎ ተናገረ። እሷ ቀጥ ብላ ቆማ ሰማችው። ሲቆርጥ ሁለቱን ጎን ለየብቻ ቆረጠ፣ ያለ ስፖንጅም ጨርቁ እንዳይጨማደድባት፣ እንደ ትከሻዋ ቁልቁል እንዲወርድ። ሲሰፋ እጁ በልማድ ወደ ስፖንጁ ሳጥን ሲሄድ አየሁት። ሳጥኑን አንሥቼ ወደ እኔ አስጠጋሁት።

ትምህርት የተከፈተ ቀን ጠዋት መዝጊያውን አንሥተን እኔ፣ ወንድሜና ሚስቱ በር ላይ ነበርን። ቁልፌ ሰማያዊ ጃኬቷን ለብሳ፣ ያን እስክሪብቶ ኪሷ ላይ ሰክታ ወጣች። ትከሻዋ ይታያል። ስትራመድ ደግሞ የበለጠ ይታያል። ባለ መድኃኒት ቤቱ ደጃፉን እየጠረገ ነበር፤ አየት አደረጋትና በዚያ መንገዱን በሚያናውጥ ድምፁ፣

«ኧረ ሚሊሜትር! ጃኬቱ በግራ በኩል ዘሟል እኮ! ምን ነካህ ዛሬ?» አለ።

ቁልፌ ቆመች፣ ግን አልዞረችም። ጫማ ሻጩ ከሱቁ አንገቱን አወጣ። የወንድሜ ፊት እስከ ጆሮው ቀላ፣ እጁ ደረቱ ላይ የተሰኩትን ስፒሎች ሲፈልግ አየሁት። አንዱን ነቀለ። ወደ አፉ አላደረሰውም።

«አልዘመመም» አለ፣ ማዶ ድረስ በሚሰማ ድምፅ። «ልኳ ነው።»

ልጅቷ ትንሽ ቆም ብላ ቦርሳዋን አስተካከለች። ከዚያ ወደ ማዶ ሳትሻገር፣ በእኛው በኩል፣ በመስኮቱ ፊት አልፋ ሄደች።